የደመወዙ ልክና የውሉ ዕድሜ

በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር፣ በጋምቤላ ከተማ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬውን ርእስ የሰጠችኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ናት። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጣች። ወረቀቱ በስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ከሚሠራ አንድ አገር በቀል ድርጅት የተሰጣት የቅጥር ውል ነበር። ደመወዙ ከምታገኘው ሁለት ተኩል እጥፍ፣ ዘመኑ ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ነው። «መምህር፣ እስከ ሰኞ መልስ ስጪን ብለውኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ። ያን ዕለት የሰጠኋት መልስ ጎደሎ ነበር። ዛሬ በእናንተ ፊት ላሟላው እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ግን ጥያቄው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ላሳይ። ጋምቤላ ከውጭ በመጣ ገንዘብ ስትኖር ይህ ሦስተኛዋ ነው።

የመጀመሪያው የወደቡ ዘመን ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ከደጋው ቡና ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨውና ጨርቅ ይመጣል። የእንፋሎት መርከቦቹ ግን የሚደርሱት ባሮ በሚሞላበት ወራት ብቻ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቦቹም ዘመን አከተመ። ሁለተኛው የኢታንግ ዘመን ነው። በደርግ ጊዜ ኢታንግ በዓለም ካሉት ትልልቅ የስደተኞች ጣቢያዎች አንዱ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ያ ሁሉ ሕዝብ በሳምንታት ውስጥ ተነሥቶ ሄደ፤ በዙሪያው የበቀለውም ሥራና ገበያ አብሮ ጠፋ።

ሦስተኛው ያለንበት ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኞች በድንበሩ ጎረፉ። ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊ፣ ንጉኝየል የሚባሉት ጣቢያዎች ተራ በተራ ተከፈቱ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልላችን ሕዝብ ቁጥር 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ክልሉ የተቀበላቸው ስደተኞች ደግሞ ከ300 ሺህ በላይ ሆኑ። ለዚህ ሁሉ ሰው መምህር፣ ነርስ፣ የውኃ ባለሙያ፣ ሾፌር፣ ሒሳብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ድርጅቶቹ ሠራተኛ ሲፈልጉ ያገኙት በቅርባቸው ያለውን ነው፤ ከትምህርት ቤቶቻችን፣ ከጤና ጣቢያዎቻችን፣ ከቢሮዎቻችን። የከፈሉትም ከመንግሥት የተሻለ ነበር።

ከዚያ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ማግስት መጣ። በዋሽንግተን ሥልጣን የያዘው አዲስ አስተዳደር በመጀመሪያው ቀን የውጭ ዕርዳታን የሚያግድ ትእዛዝ አወጣ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም በዚያው ዓመት በዓለም ዙሪያ 3,500 ያህል የሥራ መደቦችን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከእኛ ከተማ ጓደኛ ወይም ዘመድ ከሥራ ያልወጣበት ሰው ቢኖር ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት «አትሂዱ» ለማለት አይደለም። እንዲህ ብሎ መደምደም ከታሪኩ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድ ነው። መርከቡ ክረምት ክረምት ብቻ መምጣቱ በመርከቡ መነገድን ሞኝነት አላደረገውም። ሞኝነት የሚሆነው መርከቡ በበጋም ይመጣል ብሎ መኖር ነው።

አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የግንበኛን ነገር ያነሣል። ግንበኛ በውርጭና በክፉ አየር ሥራ ይፈታል፤ ስለዚህ በሠራበት ቀን የሚከፈለው የዚያን ቀን ድካሙን ብቻ ሳይሆን ሥራ ፈትቶ የሚውልባቸውን ቀናትና የሚያድርበትን ሥጋት ጭምር መካስ አለበት ይላል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህን የማካካሻ ክፍያ እንለዋለን። በመጠለያ ጣቢያ የሚከፈለው ብልጫ ገንዘብ ከፊሉ ይኸው ነው። ውሉ ሲያበቃ ለሚመጣው ባዶ ወር አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው። እንደ ወር ደመወዝ የበላው ሰው የነገውን ቀለብ ዛሬ በልቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ለምሳሌ እንዲመች ያሁኑ ደመወዝ 12,000 ብር፣ የቀረበው 30,000 ብር ነው እንበል። በወረቀት ላይ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከመጀመሪያው ላይ 2,250 ብር፣ ከሁለተኛው ላይ 8,450 ብር ግብር ይቀነሳል። ከሁለቱም ሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮ ይነሣል። እጅ የሚገባው 8,910 ብር እና 19,450 ብር ይሆናል። ሁለት ተኩል የነበረው እጥፍ ወደ ሁለት ከጥቂት ወረደ፤ ልዩነቱ በወር 10,540 ብር ነው።

ይህ ልዩነት ሳይነካ አሥራ ሁለት ወር ቢቀመጥ 126,480 ብር ይሆናል። የቀድሞውን የተጣራ ደመወዝ ለአሥራ አራት ወራት ይተካል። ስለዚህ ያቺ ልጅ ያቀረበችልኝ ጥያቄ በትክክለኛ አነጋገሩ የሚከተለው ነው፤ «ውሌ ቢያልቅ በአሥራ አራት ወር ውስጥ ሌላ ሥራ አገኛለሁን? እስከዚያስ ልዩነቱን ሳልነካ መኖር እችላለሁን?» ለሁለቱም አዎ የምትል ከሆነ በገንዘብ በኩል መሄዱ ያዋጣል። ለሁለተኛው አይደለም የምትል ከሆነ ግን ደመወዙ ቢጨምርም አላደገችም፤ ወጪዋ ብቻ አድጓል።

በዚህ ላይ የብርን ነገር ማከል ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ አሥራ አራቱ ወር በወረቀት ላይ አሥራ አራት ይሁን እንጂ በገበያ ላይ ያንሳል። ሁሉን በባንክ አስቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ይህን አስቀድሞ ይቁጠር።

ሁለተኛው ነገር ከኋላችን የምንተወው በር ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ሥራቸውን ያለ ማስታወቂያ ጥለው የሄዱ ብዙዎችን አውቃለሁ፤ አዲሱ ውል ሲያልቅ ወደ መንግሥት ሥራ ሊመለሱ ሲሉ መልቀቂያ የላቸውም። በመንግሥት ወጪ ሁለተኛ ዲግሪ የተማሩ ባልደረቦቼ የፈረሙት የአገልግሎት ግዴታ አለ፤ ከመሄዳቸው በፊት ያን ውል አውጥተው ማንበብ ይገባቸዋል። ጡረታም እንዲሁ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ ሥር ያለ መሥሪያ ቤትና የራሱ የጡረታ ፈንድ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አንድ አይደሉም፤ በኋለኛው አምስት ዓመት ያላዋጣ ሠራተኛ የጡረታ አበል ሳይሆን ያዋጣውን ይዞ ነው የሚወጣው። ይህ ለሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሩቅ ነው፤ ለእኔ ዕድሜ እኩዮች ግን በር ላይ ቆሟል።

ስለ ራሴም ልናገር። በ1993 ዓ.ም. የማስተማር ሥራዬን ትቼ ወደ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ገብቼ ነበር። ደመወዜ ሦስት እጥፍ ሆነ። ለወንድሞቼ ትምህርት ከፈልኩ፤ ለእናቴ ቆርቆሮ ቤት ሠራሁ፤ በዚህ አልጸጸትም። ነገር ግን የተከራየሁት ቤት፣ የጋበዝኩት ግብዣ፣ ያበደርኩት ገንዘብ ሁሉ ያ ደመወዝ ዘላለማዊ እንደሆነ በማሰብ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ድርጅቱ ያጠፋው የለም፤ ውሉ አልቋል፣ ውሉም ያልቃል ብሎ ተጽፎ ነበር። እኔ ነበርኩ ያንን መስመር ሳላነብ የፈረምኩት። ወደ ማስተማር ስመለስ አብረውኝ የጀመሩት በእርከን ቀድመውኝ ነበር፤ እኔ ከመነሻው ጀመርኩ።

ይህን ስሰማ የኖርኩት መካሪ ሁሉ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይለኛል። አልስማማም። በቦታው የቀረ ሁሉ በጥበብ የቀረ አይደለም። ብዙዎቻችን የቀረነው ስለፈራን ነው፤ ፍርሃታችንንም ለሙያ ያለን ፍቅር ብለን እንጠራዋለን። የቤት ኪራይ መክፈል ያልቻለ መምህር ቢሄድ ከዳተኛ አይባልም። ሙያውን በጥቂት ደመወዝ ያቆመው ተቋም እንጂ ሠራተኛው አይደለም የሚወቀሰው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. የተጀመረው የደመወዝ ማሻሻያ አንድ እርምጃ ነው፤ ርቀቱን ግን አልዘጋውም።

ሦስተኛውንና ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። መሄድ መብት ከሆነ፣ አካሄዱ ግን ኃላፊነት ነው። መምህርት በሴሚስተር መካከል ስትሄድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ የሚጠብቃቸው ምትክ መምህር ሳይሆን ባዶ ክፍለ ጊዜ ነው። ነርስ ስትሄድ የምትሄድበት ጣቢያም የታመመ ሰው አለ፤ የምትተወው ጤና ጣቢያም የታመመ ሰው አለ። ስደተኛው ሕፃን ከእኛ ልጅ ያነሰ መምህር አይገባውም። ስለዚህ ወዴት እንደምንሄድ ብቻ ሳይሆን መቼና እንዴት እንደምንሄድ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው።

ይህ ደግሞ በሠራተኛው ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። መሥሪያ ቤቶቻችን መልቀቂያ የሚጠይቀውን ሰው እንደ ከሐዲ ማየታቸውን ቢተዉ፣ ማስረጃውን በጊዜው ቢሰጡት፣ ሲመለስም ልምዱን ቢቆጥሩለት፣ ሰው ተሰናብቶ ይሄዳል፤ ተደብቆ አይሄድም። ዩኒቨርሲቲያችንም ከተማው የሚያውቀውን እውነት በትምህርቱ ውስጥ ቢያስገባ መልካም ነው። ተመራቂዎቻችን ስለ ውል፣ ስለ ግብርና ስለ ጡረታ የሚማሩት ከፈረሙ በኋላ ነው።

በዚህ አገር የሚኖር ገበሬ ይህን አስቀድሞ ያውቃል። በባሮ ዳር የሚያርሰው አኙዋ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ይዘራል፤ ከብት የሚያረባው ኑዌር ውኃው ሲሞላ ወደ ከፍታው፣ ሲጎድል ወደ ወንዙ ይሄዳል። ሁለቱም ወንዙ አንድ ልክ ሆኖ እንዲቆም አይጠብቁም። ሕይወታቸውን ያዋቀሩት በመሙላቱና በመጉደሉ ላይ ነው። እኛ ዲግሪ ያለን ሰዎች ግን የሞላውን ወር አይተን የዓመቱን ኑሮ እንተምናለን።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ሰኞ መልስ አልሰጠችም። ሄዳ ሥራውን ከሴሚስተሩ ፈተና በኋላ እንድትጀምር ጠየቀች፤ እነሱም ፈቀዱላት። የአንድ ወር ማስታወቂያ ጻፈች፤ ፈተናውን አርማ ውጤቱን አስገባች፤ መልቀቂያዋን ተቀብላ ሄደች። ባለፈው ሳምንት ስትደውልልኝ፣ «መምህር፣ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ የታናሽ እህቴን ሕክምና ከፈልኩበት» አለችኝ። ስንት ወር አስቀምጠሻል ብዬ ስጠይቃት ሳታመነታ «አምስት» አለችኝ።

ስንት ብር አስቀምጠሻል ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም በብር አልመለሰችልኝም። በወር መቁጠር ጀምራለች። ያን ቀን በቢሮዬ ልሰጣት የሚገባኝ መልስ ይህ ነበር።