ጉርብትና በእኩልነት ሲጸና



ከአፍንጮ በር ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው አራዳ ጊዮርጊስንም ኑር መስጊድንም ያገኛል። ጉርብትናው የቆየ ነው፤ እኩልነቱ ግን በትግል የመጣ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረው ተሰለፉ። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በመላ አገሪቱ የሚከበሩ በዓላት ሆኑ።

ይሁንና ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በሙስሊሞች የቀብር ሥርዓት ላይ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጠፈ። አብሮ ቡና መጠጣት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባልነት ያለ ሃይማኖት ልዩነት ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። ስለሆነም በአንድ ሚዛን እህል የሚያስመዝኑ አባላት አሉባልታ ሲነዛ አስቀድመው ይጠያየቁ፤ ኃላፊዎችም ሕግን ሳያዳሉ ያስከብሩ።

መልካም የምሥረታ በዓል!