የምንመርጠው ሰው ስለ እናቶች ጤና ምን ይላል?

(ቀጥሎ የምታነቡት በካርቲየ 5 ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች አንድ ስደተኛ መምህር ያደረገው ንግግር ነው። በካምፕ የምትኖሩ ወገኖችም ተወካዮቻችሁን ስትመርጡ ይጠቅማችኋል ብለን ስላመንን አትመነዋል።)



ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይም በሰው ቤት ሥራ ውላችሁ፣ እግራችሁን ሳታሳርፉ ለመጣችሁ እህቶች ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ከአገሬ የወጣሁ፣ ዛሬ ልጆቻችሁን ፊደልና ሒሳብ የማስተምር መምህር ነኝ። የፖለቲካ ድርጅት ለማስተዋወቅም አልመጣሁም። እኛ ስደተኞች በጅቡቲ ምርጫ ድምፅ አንሰጥም፤ በአስተናጋጃችን አገር ፖለቲካ መግባትም አይገባንም። ይሁን እንጂ የምንመርጠው ነገር አለን። የኮሚቴ ተወካዮቻችንን እንመርጣለን። ነገ አገራችን ስንገባ ደግሞ የምክር ቤት አባል እንመርጣለን። የዛሬው ንግግሬ ለሁለቱም ይሆናል።

ሐሳቤ አንድ ነው። ድምፃችንን ከመስጠታችን በፊት ተወዳዳሪውን ስለ ሴቶች ጤና ምን እንደሚያስብና ምን ሊሠራ እንዳሰበ እንጠይቀው።

ይህን እንድናገር ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ቦታ ስኖር የኮሚቴ ምርጫ ነበር። አንዱ ተወዳዳሪ በርጫ ላይ አነጋገረን። ወንዶች ብቻ ነበርን። አንዱ ስለ ራሽን ካርድ፣ ሌላው ስለ ውኃ ቦቴ፣ ሌላው ወደ ሦስተኛ አገር ስለ መሄድ ጠየቀ። እኔም ስለ ጥቁር ሰሌዳና ለተማሪዎች ስለ ኳስ ጠየቅሁ። ለሁላችንም ቃል ገባ። ድምፄን ሰጠሁት፤ ሌሎችም እንዲመርጡት ቀሰቀስኩ። እውነቱን ለመናገር ቃሉን ጠብቋል። ሰሌዳውም ኳሱም መጣ።

በዚያው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ምጥ ጸናባት። ምጡ የጀመራት በዋዜማው ነበር። ባሏ ለቀን ሥራ ርቆ ስለሄደ «እሱ ይምጣ» እየተባለ ቀኑ አለፈ። ሌሊት መኪና ስንፈልግ የሾፌሩን ስልክ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የተወካዩ ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ፤ እሱን ፈልገን እስክንቀሰቅስ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄደ። ሕክምና ቦታው ስንደርስ አዋላጇ የምትናገረው ፈረንሳይኛና ሶማሊኛ ነው፤ ጎረቤታችን የምታውቀው አማርኛ ብቻ ነው። የሽርት ውኃዋ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እንደፈሰሰ የሚያስረዳላት አልነበረም። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ።

በማግሥቱ ተወካያችንን ሄጄ ጠየቅሁት። «መምህር፣ ይህ እኮ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ማንም አንሥቶልኝ አያውቅም» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ሰውየው አልዋሸኝም። እኔ ኳስ ጠየቅሁት፤ ኳስ አመጣልኝ። ስለ እናቶች አልጠየቅሁትም፤ ስለዚህ ቃል አልገባም። ቃል ያልገባውን ደግሞ ለምን አልሠራህም ብዬ ልይዘው አልችልም።

የጤና ባለሙያዎች እናቶች በወሊድ የሚሞቱበትን ምክንያት ሲያስረዱ ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ። አንደኛው ወደ ሐኪም እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው በመንገድና በመኪና እጦት መዘግየት ነው። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። በዚያች ሌሊት ሦስቱም ደርሰውብናል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከሦስቱ መዘግየቶች ሁለቱ ሐኪሙ ዘንድ ሳንደርስ የሚሆኑ ናቸው። የሚስተካከሉት በእኛና እኛን ወክሎ በሚሠራው ሰው ነው።

ይህ የጣቢያ ወይም የሰፈር ነገር ብቻ አይደለም፤ በአገር ደረጃም እንዲሁ ነው። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንፃር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ገልጿል። ያን ጊዜ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የሚፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ በየገጠር ቀበሌው 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ሁለት ሴቶች ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ የሴት ልጅ ግርዛትን በአንቀጽ 565 እና 566 ወንጀል አደረገ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የእናቶች ሞት ወደ 412 ወርዶ፣ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 ወደ 26 ከፍ ብለው ተገኙ።

መንገድና ትምህርትም ረድተዋል። 412 ራሱ ብዙ ነው። ሆኖም ሕግ ያለ ምክር ቤት፣ በጀትም ያለ እጅ ማውጣት አይጸድቅም። በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ምን እንደሚያስብ ማወቅ የመራጩ ፋንታ ነው። መጥፎ ውሳኔም እንዲሁ እናትን ያገኛታል። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንት ጤና ጣቢያ ተዘርፎ እንደፈረሰ ከመካከላችን በዓይኑ ያየ አለ።

የሩቅ አገር ምርጫ እንኳ እኛ ዘንድ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት አንድ ደንብ አወጣ። በውጭ አገር ያለ ድርጅት ከሌላ ቦታ ባገኘው ገንዘብም ቢሆን ስለ ፅንስ ማቋረጥ ምክር ወይም አገልግሎት ከሰጠ፣ ለቤተሰብ ምጣኔ የሚሰጠው የአሜሪካ እርዳታ ይቀርበታል የሚል ነው። ክሊንተን በ1993 ሻረው፤ ቡሽ በ2001 መለሰው፤ ኦባማ በ2009 ሻረው፤ ትራምፕ በ2017 መልሶ አሰፋው፤ ባይደን በ2021 ሻረው፤ ትራምፕ በ2025 እንደገና መለሰው። በቡሽ ዘመን ደንቡን ያልተቀበለው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የአሜሪካ ገንዘብ ቀርቶበታል። ከእነዚህ መሪዎች የትኛው ልክ እንደሆነ ለመፍረድ አልቆምኩም፤ በዚህ ጉዳይ እያንዳንዳችን ሃይማኖታችንና ኅሊናችን አለን። የምለው፣ አንድ ተወዳዳሪ በሴቶች ጤና ላይ የያዘው አቋም ባሕር ተሻግሮ አንዲት የገጠር ሴት የምትታከምበት ክሊኒክ በር ድረስ ይመጣል ነው።

ወደ ጅቡቲ እንመለስ። ይህ አገር እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 333 የሴት ልጅ ግርዛትን በእስራትና በገንዘብ መቀጮ ያስቀጣል። በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግና ደንቦቹም ለስደተኛው የጤናና የትምህርት መብት ሰጥተዋል። የእኛ ኮሚቴ ሕግ አያወጣም። ነገር ግን የወጣውን ሕግ ደጃችን ድረስ የሚያመጣው፣ ከድርጅቶች ጋር የሚነጋገረው፣ ችግራችንን የሚያስረዳው እሱ ነው።

ስለዚህ እንደ መምህር አራት የፈተና ጥያቄ አዘጋጅቻለሁ።

አንደኛ፤ ሌሊት ምጥ ሲመጣ መኪና የሚጠራው ማን ነው? ስልኩስ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፋል ወይ? ፊርማ የሚያስፈልግ ከሆነ ፈራሚው ሲታጣ ማን ይተካዋል?

ሁለተኛ፤ ከእናቶች ጋር ሐኪም ዘንድ የምትገባ ሴት አስተርጓሚ እንድትገኝ ምን ታደርጋለህ?

ሦስተኛ፤ በሰው ቤት የሚሠሩ ነፍሰ ጡር እህቶቻችን የእርግዝና ክትትል እንዳያመልጣቸው ምን አስበሃል?

አራተኛ፤ ሴት ልጆቻችን እንዳይገረዙ በአደባባይ ትናገራለህ ወይስ ዝም ትላለህ?

ተወዳዳሪዋ ሴት ብትሆንም ያው ጥያቄ ይቅረብላት፤ ሴት መሆን ብቻ መልስ አይሆንም። መልሳቸውን በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ከስድስት ወር በኋላ ወረቀቱን አውርደን እናርመዋለን። ስብሰባውም በርጫ ላይ መሆኑ ይቅር። እህቶች ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት ይሁን፤ ያን ጊዜ ልጅ የምንይዘው እኛ ወንዶች እንሁን።

«መጀመሪያ ራሽን ይቅደም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንዲያ እል ነበር። ራሽኑ ቢቀር በሚቀጥለው ወር ሊመጣ ይችላል። የዚያች ሌሊት ልጅ ግን ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ፊደል ይቆጥር ነበር። ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ዝም ባለ አፍ እህልም አይገባም። እንግዲህ እንጠይቅ።