ዓይን ቁጠሩ

(ማሲንቆ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዐድዋን ጦርነት የሚያሳይ የቆየ የባህል ሥዕል ስታገኙ፣ ከፈረሱና ከጭሱ በፊት ዓይን ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ በግራ ያለው የእኛ ሠራዊት ፊቱን ወደ ተመልካች መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። በቀኝ ያሉት ጣልያኖች ግን በጎን ስለተሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ተኳሽ አንድ ዓይኑን መጨፈኑ የግድ ነው የሚል ካለ፣ የእኛዎቹም እኮ እያነጣጠሩ ነው!

ስልቱ የተወረሰው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ቅዱሳን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ። በመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳን ለማግኘት ማንበብ መቻል አያስፈልግም፤ ከማዕዱ ዙሪያ ባለ አንድ ዓይኑን መፈለግ ነው። ሁሉም በጎን ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ግን ይሁዳ ከሌሎቹ ጋር ተመሳስሎ ያመልጠን ነበር። የአንዱ ትርጉም የሚወለደው ከሌላው አጠገብ ሲሆን ነው።

ቀለምም የራሱን ድርሻ ይወጣል፤ ቀይ ቀሚስ በሰማያዊ መጎናጸፊያ ሥር ይበልጥ ይቀላል። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ደማቅና ወጥ ቀለም ጎን ለጎን ያሳርፉ ነበር። በ18ኛው ፊቶች ጥላ እየተሰጣቸው ለሰሱ። እኔን የሚገርመኝ፣ አሣሣሉ ይህን ያህል ሲለወጥ የዓይኑ ሕግ ሳይነካ እስከ ዐድዋ ሥዕሎች መዝለቁ ነው።

(ማሲንቆ ከፍ ይላል)