የብረት መስቀሉ ጠርዝ ምን ይመሰክራል?



አንድ የጥንት ኒሻን ለሽያጭ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ታሪክ አስከትሎ ይመጣል። ሻጩ ተሸላሚው ማን እንደ ነበረና በየትኛው ጦር ሜዳ እንደ ተዋጋ ይተርካል። ሰብሳቢው በትረካው ተማርኮ ከከፈለ ግን የገዛው ወሬ ሊሆን ይችላል። ትረካ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይለወጣል፤ የአንጥረኛው ሥራ ግን በዕቃው ላይ እንደ ታተመ ይኖራል።

ለዚህ የጀርመኑ የብረት መስቀል መልካም ምሳሌ ነው። ኒሻኑን እ.ኤ.አ. በ1813 የመሠረቱት ከናፖሊዮን ጋር ጦርነት የገጠሙት የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም 3ኛ ሲሆኑ፣ ኋላም በ1870፣ በ1914 እና በ1939 እንደገና ታድሷል።

የ1914ቱ መስቀል የተለመደ አሠራር ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ጥቁር ቀለም የተቀባ የብረት እምብርት፣ የፊት ክፈፍና የኋላ ክፈፍ ናቸው። ሁለቱ የብር ክፈፎች እምብርቱን በመካከላቸው ይዘው ጠርዝ ለጠርዝ ይበየዳሉ፤ ከዚያም መጋጠሚያው በሞረድ ተስተካክሎ ይወለወላል። ስለዚህ ጠርዙ በአጉሊ መነጽር ሲመረመር ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ሊታይ ይችላል። ቀልጦ በአንድነት የፈሰሰ ቅጂ ግን ክፈፍና እምብርት የለውም፤ ጥቁሩን ከነጩ የሚለየው ቀለም ብቻ ነው። በገጹ ላይ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ የክፈፉ ጥቃቅን ጌጥ ይደበዝዛል። ማዕድን ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተርም ቅጂው ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል።

ይሁን እንጂ በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም። እምብርታቸው በማግኔት የማይሳብ እውነተኛ መስቀሎች አሉ፤ አስመሳዩም ብረት ማግኘት አይቸግረውም። በሁለተኛው ደረጃ መስቀል ቀለበት ላይ ያለው የሠሪው ምልክት የሚመሰክረው ስለ ቀለበቱ ብቻ ነው፤ ቀለበት ተፈትቶ ይለወጣልና። አንዳንድ ተሸላሚዎች ደግሞ በገዛ ገንዘባቸው ጎበጥ ያለ ወይም በመርፌ ፈንታ በብሎን የሚታሰር የአንደኛ ደረጃ መስቀል ያሠሩ ነበር። እንዲህ ያለው ከተለመደው ስለ ተለየ ብቻ ሐሰተኛ አይባልም።

ጉዳቱ በገዢው ኪስ ብቻ አይቀርም። ሐሰተኛ ኒሻን አንድ ጊዜ ወደ ስብስብ ከገባ ለሌሎች መመዘኛ ይሆናል፤ በእርሱ ሲለካ እውነተኛው ተጥሎ ሐሰተኛው ይነሣል። የስብስብ ጠባቂ እንግዲህ ክብደቱን፣ ልኩንና የጠርዙን ፎቶግራፍ በመዝገብ ያስፍር፤ በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውንም ለየብቻ ይጻፍ። እንዲህ ያለ መዝገብ ጠባቂው ቢሳሳት እንኳ ተተኪው እንዲያርመው መንገድ ይከፍታል።