የብየዳ ውበትና ጽናት
(በብረታ ብረት ሙያ ለሠለጠኑ ወጣቶች በምረቃ ዕለት የተደረገ ንግግር)

የተወደዳችሁ ተመራቂዎች፤

የሚግ ብየዳ ፈጣን ነው፤ መልኩም ያምራል። ነገር ግን ውበቱ ሊያታልል ይችላል፤ ሙቀቱ ካነሰ ሽቦው ቀልጦ ከላይ ይተኛል እንጂ ከብረቱ ጋር አይዋሐድም። የውኃ ታንከር የሚሸከም ማማ እንዲህ ባለ ብየዳ ቢቆም፣ ከሥሩ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ዝገቱንና ቀለሙን ንጹሕ ብረት እስኪታይ ፋቁ፤ የመሬት መስመሩንም መቆንጠጫ በዚያ ላይ አጥብቁ። ሽቦው 0.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚገፋው ሮለርም በዚያው ልክ ይሁን። ጋዙን በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር አድርጉ፤ ነፋስ ከበተነው ብየዳው በውስጡ ቀዳዳ ያበዛልና ደጅ ስትሠሩ ከለላ አቁሙ። ኖዝሉን ከፍንጣሪ አጽዱ። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ጢሱ ይመርዛልና ልባጡን አስወግዱ፤ አየር በሚገባበት ስፍራም ሥሩ።

ከሁሉ በላይ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ቁራጭ ላይ በይዳችሁ፣ በሞርሳ አስራችሁ፣ በመዶሻ ስበሩት። ውስጡ ካልተዋሐደ ቮልቴጁንና የሽቦውን ፍጥነት አስተካክላችሁ ድገሙት። ቁራጩ በእጃችሁ ቢሰበር የሚጠፋው ጥቂት ሽቦ ነው፤ ማማው ቢሰበር ግን የሚጠፋው አይተካም።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።