በሮሜ ወዳጁን የፈለገ ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምነግራችሁ ስሙ በስብከት ብዙ ስለማይነሣ አንድ ሰው ነው። በሐዲስ ኪዳን ውስጥ ሲሰብክ አናየውም፥ መልእክትም አልጻፈም፥ ያደረገው ተአምርም አልተነገረም። የተጻፈለት በኤፌሶን ያገለገለው አገልግሎትና ይህ አንድ ነገር ነው፤ ከአገሩ ተነሥቶ ወደ ታላቂቱ ከተማ ወደ ሮሜ ሄደ፥ በዚያም የታሰረ ወዳጁን ፈለገ፥ አገኘውም። ስሙ ሄኔሲፎሩ ይባላል።

ቅዱስ ጳውሎስ ሁለተኛውን መልእክት ለጢሞቴዎስ በጻፈ ጊዜ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ከዚያ ቀደም በዚያችው ከተማ ሁለት ዓመት ሙሉ በተከራየው ቤት ተቀምጦ፥ ወደ እርሱ የሚመጡትን ሁሉ ይቀበል እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ተጽፏል። ያን ጊዜ እርሱን መጠየቅ ቀላል ነበረ። በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በእስያ ያሉት ከእርሱ ፈቀቅ አሉ፤ ዴማስ ትቶት ሄደ፤ ሌሎቹም በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ከእርሱ ጋራ የቀረው ሉቃስ ብቻ ነበረ። ክረምቱ ሳይገባ እንዲመጣለት፥ በጢሮአዳ የተወውንም በርኖስ እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ይለምነዋል። እስከ ሦስተኛው ሰማይ የተነጠቀው ሐዋርያ በርዶታል። እኔ ይህን ስፍራ ባነበብሁ ቁጥር ከትርጓሜው አስቀድሞ ብርዱ ይሰማኛል።

ሮሜ በዚያ ዘመን እንዴት ያለች ከተማ እንደ ነበረች አስቡ። የታሪክ ሊቃውንት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርባት እንደ ነበረ ይገምታሉ። ቤቶቿ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረቡ ነበሩ፤ በበራቸው ላይ ግን እንደ ዛሬው የቤት ቍጥር አልነበረም። እንግዳ ሰው የሚፈልገውን የሚያገኘው ከበር ወደ በር፥ ከሱቅ ወደ ሱቅ እየጠየቀ ነው። ከዚህም ጋራ መጠየቁ ራሱ አደገኛ ነበረ፤ በ64 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር በከተማዪቱ ታላቅ እሳት ከተነሣ በኋላ ንጉሡ ኔሮን ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ አሳቦ አስፈጅቷቸዋልና። በዚህ ዘመን «ያ የታሰረው ክርስቲያን ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ፥ «እኔም የእርሱ ወገን ነኝ» ብሎ ራስን እንደ ማጋለጥ ይቈጠር ነበር። በዚያን ጊዜ እስረኛ የሚበላውንና የሚለብሰውን የሚያገኘው ደግሞ በብዙው ከዘመድና ከወዳጅ ነበረ። ስንቅ ይዞ በእስር ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሐዋርያው ስለዚህ ሰው የመሰከረውን ልብ በሉ። ወደ እኔ መጣ ብሎ ብቻ አላለፈም፤ ተግቶ እንደ ፈለገው ድካሙን ጭምር ጻፈለት። ደግሞም በሰንሰለቱ እንዳላፈረበት፥ ብዙ ጊዜም እንዳሳረፈው ተናገረ። ከባሕርና ከየብስ ጕዞ ደክሞ የመጣው እንግዳው ነው፤ ያረፈው ግን ተጠያቂው ነው። እኛ ወደ ሰው ከተማ ስንሄድ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ማን እንደሚቀበለን፥ ማን እንደሚያሳድረን ነው። ወዳጃችንን ከደረስን በኋላ እናስታውሰዋለን፤ አንዳንዴም የመኝታ ዋጋ ለመቈጠብ ነው። ይህን የምለው ለመዝለፍ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ያደረግሁት ግን ይህን ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

በጎጃም ቅኔ ስንማር አንድ ጓደኛ ነበረኝ። አብረን በእንተ ስማ ለማርያም ብለን ለምነን፥ ያገኘነውን ቍራሽ ተካፍለን በልተናል፤ በሌሊት ብርድ አንድ ደበሎ ለሁለት ለብሰናል። በቅኔው እርሱ ይበልጠኝ ነበር። በኋላ እኔ ለክህነት በቃሁ፤ እርሱ ግን ልዩ ልዩ ችግር ገጥሞት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤ በእህል መጋዘንም ጆንያ የሚሸከም ሆነ። በ2004 ዓ.ም. እና በ2009 ዓ.ም. የታኅሣሥ ገብርኤልን ለማንገሥ ቍልቢ ሄጃለሁ። ከቍልቢ ድሬዳዋ ሩቅ አይደለችም፤ የሚኖርበትንም ሰፈር የሚያውቁ ሰዎች ነግረውኛል። አልሄድሁም። ለሚጠይቁኝ ጊዜ አጣሁ እል ነበር። እውነቱ ግን ጥምጥሜን ጠምጥሜ መስቀሌን ይዤ በተሸካሚዎች መካከል ቆሜ፥ «ይህ ጓደኛዬ ነው» ማለት አፍሬ ነው። ሄኔሲፎሩ በሰንሰለት አላፈረም፤ እኔ በጆንያ አፈርሁ።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ብቻዬን ተነሣሁ። በዓል አልነበረም፥ ማኅበርም አልነበረም፤ አውቶቡሱ በአዋሽ፥ በአሰበ ተፈሪ አድርጎ ቍልቢ ሲደርስ በመስኮት ተሳልሜ አለፍሁ። ከደንገጎ ቍልቍለት በታች ሙቀቱ ተቀበለኝ። ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ደቻቱ የሚባለው ወንዝ መካከሏን ይከፍላታል። በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት፥ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ብዙ ነፍስ ያጠፋ ወንዝ ነው። ከወዲህ ማዶ ከዚራ፥ መንገዷ ቀጥ ያለ፥ ዛፍ ያጠላባት፤ ከወዲያ ማዶ መጋላ፥ መንገዷ የተጠላለፈ። የነበረኝ የስልክ ቍጥር አልሠራም። በእጄ የቀረው ቀፊራ ገበያ አጠገብ ነው የሚለው ወሬ ብቻ ነበረ።

ግማሽ ቀን ጠየቅሁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ እስላም፥ በመጋዘን ደጃፍ በሚዛን አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስሙን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጕልበቱን ከታመመ ወዲህ አይመጣም። እኛ ዘመድ የለውም ብለን ነበር፤ እርስዎ ምኑ ነዎት?» አሉኝ። «ወንድሙ ነኝ» አልሁ። ይህን ቃል ስናገር እንዴት እንዳፈርሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ልጃቸውን ጠርተው እንዲመራኝ አዘዙ፤ ሙዝና ዳቦም በወረቀት ጠቅልለው ለበሽተኛው ብለው ሰጡኝ።

በአንዲት የኪራይ ክፍል በሰሌን ላይ ተኝቶ አገኘሁት። በሩ ሲጨልም ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈጥኖም ጋቢውን ሰብስቦ ለመነሣት ሞከረ። «አባቴ፥ ለእርስዎ የሚሆን መቀመጫ የለኝም» አለኝ። አንድ ደበሎ የለበስን ልጆች ነበርን፤ እርስዎ አለኝ። ቢሰድበኝ በወደድሁ ነበር።

ከሰሌኑ ዳር ተቀመጥሁ። እኔ ይቅርታዬን ከየት እንደምጀምር ስፈልግ፥ እርሱ አስቀድሞ ስለ መምህራችን ጠየቀኝ። «የኔታ ደኅና ናቸው?» አለኝ። የኔታ ካረፉ አራት ዓመት አልፏል። በቀብራቸው ቆሜ ነበር፤ ለእርሱ ግን መልእክት አልላክሁለትም። ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብዙ አለቀሰ። ወደ ማታ ግን ከየኔታ ጉባኤ ቃና አንዱን ልበልለት ብዬ ጀምሬ፥ ሁለተኛው ቤት ጠፋብኝ። እርሱ ዐይኑን ጨፍኖ አንድም ቃል ሳያዛንፍ ፈጸመው። «ይህንንስ እንዴት ትረሳለህ?» አለኝ።

አንተ ብሎኛልና ደስ አለኝ።

ሦስት ቀን አብሬው ተቀመጥሁ። በሰፈሩ ካለው ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ጋራ አገናኘሁት፤ ሐኪም ዘንድም አብረን ሄድን። በአራተኛው ቀን ንጋት፥ ተው ብለው እንቢ ብሎ በምርኵዝ እያነከሰ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ሽማግሌው ከሚዛናቸው አጠገብ ሆነው ከሩቅ እጃቸውን አነሡልን። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ በኩል ለፋሲካ እመጣለሁ አልሁት። «ለፋሲካ ቄስ ከደብሩ አይወጣም፤ አትዋሽ። ለዳግም ትንሣኤ ና» አለኝ፤ እኔም በዚያው ቀን ሄድሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።