ከአልዱባ ገበያ የተማርኩት የቴአትር ትምህርት

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ «የቴአትር መምህር ሥራ ምንድን ነው?» በሚለው ርእስ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ መልሱን ከመጽሐፍ ለመፈለግ ጀምሬ ነበር። ኋላ ግን መጽሐፉን ዘጋሁት። ለማስተማር ልምምድ አንድ መንፈቅ ዓመት የቆየሁት በደቡብ ኦሞ፣ ከቀይ አፈር ወደ ዲመካ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአልዱባ ነውና፣ ያየሁትን ብናገር ይሻላል ብዬ መጥቻለሁ። ከምናገረው የሚበዛው ስለ ራሴ ስሕተት ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። በአገራችን ቴአትርን በእጁ ይዞ ያሳደገው መምህር ነው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ ዓ.ም. በአውሬዎች ተረት የተሸፈነውን ኮሜዲያቸውን ጻፉ፤ ነገሩ ሹማምንቱን ስለ ነካ ተከለከለ። ከእርሳቸው ቀጥለው የተነሡት ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው አስተማሪዎች ነበሩ፤ ተዋንያኖቻቸውም ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ዮፍታሔ ከጎጃም ይዘውት የመጡት ሀብት ቅኔና ዜማ ነው። አቋቋም የተማረ ሰው ድምፅ፣ እግርና እጅ በአንድ ልክ እንዴት እንደሚሄዱ በመቋሚያና በጸናጽል ለምዷል፤ ይህም ራሱን የቻለ የክወና ትምህርት ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። በ1970ዎቹም ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሥራውን ሲጀምር እንደ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና እንደ መንግሥቱ ለማ ያሉ ደራስያን ደክመውበታል። አባቶቻችን በእጃቸው ካለው ጀመሩ። እኔ ግን አልዱባ ስደርስ ይህን ረሳሁ።

ሻንጣዬ ውስጥ የከተማ ኮሜዲ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሳሎን አለው፣ ሶፋ አለው፣ የቤት ሠራተኛ አለችው። ልጆቹ ቃሉን እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙ፤ መድረክ ላይ ግን እንደ ምሰሶ ቆሙ። ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት የበናን፣ የአሪን ወይም የፀማይን ቋንቋ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚቆጣ ባለጸጋ ለእነርሱ ምን ይነግራቸዋል? እኔ ግን «ተሰጥዖ የላቸውም» ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ይህን ቃል ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ።

የአልዱባ ገበያ የሚቆመው ማክሰኞ ነው። በዚያ ቀን ክፍሉ እኩል በእኩል ባዶ ይሆናል። አንድ ማክሰኞ ተናድጄ ተማሪዎቼን ፍለጋ ወደ ገበያ ወረድኩ። ማሩ፣ ቅቤው፣ ቅሉ፣ የቡናው ገለፈት ተዘርግቷል፤ ሽማግሌዎች በርኮታቸው ላይ ተቀምጠዋል። በክፍል ውስጥ አንድ ቃል የማይወጣው ልጅ ከጓደኞቹ መካከል ቆሞ የማር ነጋዴ ሆኖ ይጫወታል። ማሩን ይቀምሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ዋጋ ያጣጥላል፤ ወዲያው ዞሮ ሻጪቱን ይሆናል። ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም ከዛፍ ሥር ሆኜ «መምህሩ ማን ነው?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

በማግሥቱ የከተማውን ኮሜዲ ወደ ሻንጣው መለስኩና «ትናንት ገበያ ያሳየኸውን አሳየን» አልኩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የራሳቸው ቴአትር ተሠራ፤ ሻጪት፣ ገዢ፣ በመካከላቸውም ሁለቱንም የሚያታልል አስተርጓሚ። ቋንቋው ሦስት ነበር፤ ተመልካቹ ግን አንድም ነገር አላመለጠውም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር አሳሰበኝ። ልጆቹ አንድ ካሜራ የያዘ ጎብኚ ይጨመር አሉ። እንደምታውቁት ወደዚያ አገር የሚመጣ እንግዳ ፎቶግራፍ ለማንሣት ይከፍላል፤ ሕፃን ሳይቀር ተሰልፎ ይቆማል። ካሜራ የሆነው ቁራጭ እንጨት የደረሰው ለአንዲት ልጅ ነበር። ጎብኚውን ተጫውታ ስትጨርስ «ሁልጊዜ የምንቆመው እኛ ነን፤ ዛሬ ግን እኔ አስቆምኩ» አለችኝ። ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ መታየትና ማሳየት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የሚታይ ሰው በሌላው ዓይን ይለካል፤ የሚያሳይ ሰው ግን ልኩን ራሱ ያወጣል። የቴአትር መምህር ሥራ ልጁን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ማሻገር ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስሕተቴን ልናዘዝ። በሥራው ተደስቼ የከብት ዝላዩን ሥርዓት መድረክ ላይ እናውጣው አልኩ። አንድ አዛውንት አስጠሩኝና በተማሪዬ አስተርጓሚነት «መምህር፤ ገበያው ጨዋታ ነው፤ ተጫወቱበት። ያ ግን ልጅ ሰው የሚሆንበት ነው፤ ቀኑም ባለቤትም አለው» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ተውኩት። መምህር ምን ማስተማር እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ምን መንካት እንደሌለበትም ሊያውቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። መጽሐፉ ቢታተም፣ ክፍለ ጊዜው ቢመደብ፣ የሚያስተምረው ሰው ግን ከየት ይመጣል? እኛ የቴአትር ተማሪዎች ሁላችንም ዓይናችን በመዲናይቱ መድረክና በቴሌቪዥን ላይ ነው። ወደ ገጠር መመደብን እንደ ግዞት እንቆጥረዋለን። እኔም ሄጄ እስካየው ድረስ እንዲሁ ነበርኩ። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

1ኛ፤ መምህራኖቻችን የማስተማር ልምምዱ ከከተማ ውጭም እንዲሆን፣ ከመሄዳችንም በፊት የአገሩን ቋንቋ ቢያንስ ለሰላምታና ለጨዋታ የሚበቃ ያህል እንድንማር ያድርጉልን።

2ኛ፤ ማኅበራችን ከልምምድ የተመለሱ ተማሪዎች የሠሩትን፣ የተሳሳቱትንም ጭምር፣ በዚህ ጋዜጣ እንዲጽፉ ያድርግ። ተከታዩ ተማሪ የእኔን ሶፋ ተሸክሞ አይሂድ።

3ኛ፤ በየትምህርት ቤቱ ቴአትር ማለት እንግዳ ሲመጣ ልጆችን አሰልፎ ማስጨፈር ብቻ እንዳይሆን፣ ወደየምድባችን ስንሄድ እኛው ራሳችን እንከራከር።

ያ ዝምተኛ ልጅ ዛሬም ክፍል ውስጥ ብዙ አይናገርም ይሆናል። ነገር ግን መናገር እንደሚችል እርሱም፣ ጓደኞቹም፣ እኔም አውቀናል። ይህን ለማወቅ የፈጀው አንድ ማክሰኞ ነበር፤ እርሷንም ያገኘኋት ተናድጄ ወደ ገበያ በመውረዴ ነው። እናንተ ሳትናደዱ ውረዱ።